ትናንት ባልደረባ፣ ዛሬ አለቃ፦ ለአዲስ ፎርማን የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት

ከቃሊቲ እስከ ገላን፣ ከቂሊንጦ እስከ ቱሉ ዲምቱ ባሉት የብረታ ብረት፣ የእንጨት፣ የስፌትና የማሸጊያ ሥራዎች ፎርማን የሚሾመው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ መንገድ ነው። ጥሩ የሚበይድ ወይም ጥሩ የሚሰፋ ሰው ተጠርቶ «ከነገ ጀምሮ ፈረቃውን አንተ ያዝ» ይባላል። ሥልጠና የለም። ድርጅቱ አንድ ጎበዝ ሠራተኛ አጥቶ አንድ የተደናገጠ አለቃ ያገኛል። ይህ መመሪያ የተጻፈው ለዚያ ሰው ነው፤ ካቦም ይባል ሱፐርቫይዘር ወይም የቡድን መሪ፣ ከ5 እስከ 20 ሰው የሚመራ ከሆነ ይጠቅመዋል። ምሳሌዎቹ በብዛት ከበርና መስኮት ወርክሾፕ የተወሰዱ ናቸው፤ በሌላ ሥራ ላይ ያለ አንባቢ የራሱን ዕቃ እየተካ ያንብብ።

ሹመቱን ከመቀበልዎ በፊት

በቃል የተሰጠ ሹመት በቃል ይነጠቃል። ስለዚህ ደብዳቤ ይጠይቁ፤ የሥራ መደቡ ስም፣ የሚጀምርበት ቀን፣ የደመወዝ ወይም የኃላፊነት አበል ለውጥ፣ «ተጠባባቂ» ከሆነም እስከ መቼ እንደሆነ ይጻፍበት። ቀን ያልተቆረጠለት ተጠባባቂነት ዓመት ሲያልፈውም ተጠባባቂ እንደሆነ ይቀራል።

ቀጥሎ ሥልጣንዎን ይወቁ። ፈቃድ የሚሰጠው ማን ነው? ትርፍ ሰዓት የሚያዘውስ? የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ላይ የሚፈርመውስ? ሦስቱም የእርስዎ ባይሆኑ ችግር የለውም፤ አለማወቅ ግን ችግር ነው። ሠራተኞች በመጀመሪያው ሳምንት ይፈትኑዎታል። «ሂድ፣ ፈቅጃለሁ» ያሉትን ሰው የሰው ኃይል አስተዳደር «ማን ፈቀደልህ?» ብሎ ከመለሰው፣ ከዚያ በኋላ የሚናገሩት ሁሉ ክብደቱ ይቀንሳል።

ሦስተኛው ጥያቄ ለቅርብ አለቃዎ ነው፤ የምለካው በምንድን ነው? በብዛት፣ በጥራት ወይስ በማስረከቢያ ቀን? «በሁሉም» ማለታቸው አይቀርም። ያን ጊዜ «ብዛትና ጥራት ቢጋጩ የቱ ይቅደም?» ብለው ይጠይቁና መልሱን ይጻፉ። ከሁለት ወር በኋላ ሲወቀሱ የሚያስፈልግዎ ይኸው መልስ ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት፦ እየጻፉ ማየት

አዲስ አለቃ በሁለተኛው ቀን ማሽን ማዘዋወር ወይም የሻይ ሰዓት ማሳጠር ያምረዋል። ይታገሡ። ሳይለኩ የሚደረግ ለውጥ ግምት ነው፤ ግምቱ ከሳተ ሁለተኛውን ለውጥ የሚቀበልዎ አያገኙም።

አንድ ደብተር ገዝተው ገጹን በአራት ይክፈሉት፤ ሥራው የቆመበት ሰዓት፣ የቆመው ሥራ ወይም ማሽን፣ ምክንያቱ፣ የጠፋው ደቂቃ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከ5 ደቂቃ በላይ የቆመውን ሁሉ ያስገቡ። የሰው ስም እንዳይገባበት ይጠንቀቁ፤ ደብተሩም ጠረጴዛ ላይ ክፍት ሆኖ ይዋል። ኪስ ውስጥ የሚደበቅ ደብተር በሁለት ቀን ውስጥ «የወሬ ደብተር» ተብሎ ሰው ከእርስዎ መደበቅ ይጀምራል፣ የሚጽፉትም ሐሰት ይሆናል።

ቅዳሜ ደቂቃዎቹን በየምክንያቱ ይደምሩ። ከላይ የሚወጣው ስንፍና የሚሆነው ከሚታሰበው ባነሰ ጊዜ ነው። ዲስክና ኤሌክትሮድ ከግምጃ ቤት እስኪወጣ መጠበቅ፣ አንድ ግራይንደር ለሦስት ሰው መሆኑ፣ ልኬቱ ያልተረጋገጠ የሥራ ሥዕል (ንድፍ)፣ ሲያመሽ የተቀመጠበት ያልታወቀ ስኳድራ (የማዕዘን መለኪያ)፤ ደቂቃውን የሚበሉት እነዚህ ናቸው። ጠዋትም ለብቻው ይታይ። ሥራ በ2 ሰዓት ይጀመራል ተብሎ የመጀመሪያው ብረት የሚቆረጠው 2 ሰዓት ከ25 ላይ ከሆነ፣ በ10 ሠራተኛ በቀን 250 ደቂቃ ይጠፋል። በ6 ቀን 25 ሰዓት ይሆናል። የአንድ ሠራተኛ ሕጋዊ ሳምንት 48 ሰዓት ስለሆነ፣ ከግማሽ ሠራተኛ በላይ እየከፈሉ አያሠሩም ማለት ነው።

ከምክንያቶቹ አንዱን ብቻ ይምረጡ፤ ያን ወር እሱን ብቻ ይሥሩበት። የግምጃ ቤቱ ጥበቃ ከሆነ፣ የነገውን ዕቃ ዛሬ 10 ሰዓት ላይ በአንድ ወረቀት አስወጥቶ በየሰው ጠረጴዛ ማስቀመጥ ብዙውን ይፈታል። ሦስት ችግር በአንድ ጊዜ የሚጀምር አለቃ የትኛው እርምጃ እንደሠራ ማወቅ አይችልም።

ከትናንት ጓደኞች ጋር

ከባዱ ክፍል ይህ ነው፤ ከማሽንም ከቁጥርም ይከብዳል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በቀን አንድ ሰው፣ ለ15 ደቂቃ፣ ሌላ ጆሮ በሌለበት ቦታ ያነጋግሩ። ቢሮ ከተጠራ ሰው ይደነግጣል፤ የሻይ ሰዓት ይሻላል። አራት ጥያቄ ይበቃል። «ሥራህን የሚያዘገይብህ ምንድን ነው?» «ምን ብትማር ትፈልጋለህ?» «እኔ ምን ባቆም ይሻላል?» «ስለ ኑሮህ እኔ ማወቅ ያለብኝ ነገር አለ?» በመጨረሻው ጥያቄ የማታ ትምህርት፣ የታመመ ልጅ፣ ከኮዬ ፈጬ ወይም ከሰበታ ሁለት ታክሲ መቀያየር ይወጣል። እየሰሙ አይከራከሩ፤ ሰውየው ከሄደ በኋላ ሁለት መስመር ይጻፉ። ከዚያ በሳምንት ውስጥ ከተነገረዎት አንዷን ትንሽ ነገር ይፈጽሙ፤ ጓንት ሊሆን ይችላል፣ የተሰበረ ወንበርም ሊሆን ይችላል። የማይችሉትን «አልችልም» ብለው ይቁረጡ። «እናያለን» ከተባለ ሰው ይጠብቃል፣ መጠበቁም ቂም ይሆናል።

ቦታውን ሲጠብቅ የነበረ ሰው ካለ በመጀመሪያው ቀን የሚነጋገሩት ከእሱ ጋር ነው። ይቅርታ አይጠይቁት፤ ሹመቱን እርስዎ አልሰጡም። «ይህን ቦታ አንተም ልትይዘው ትችል ነበር፣ አውቃለሁ። በልኬት ከእኔ ትበልጣለህ፤ የመጀመሪያውን ፍሬም አንተ ሳታየው ሁለተኛው እንዳይቆረጥ እፈልጋለሁ» ማለት ይበቃል። እውነተኛ ኃላፊነት ይስጡት። በልዩ ፈቃድና በሽንገላ ሊይዙት ከሞከሩ ግን ሌሎቹ በሳምንቱ ያውቁታል፣ እሱም ይንቅዎታል።

በዕድሜ የሚበልጥዎትን ሰው ትናንት «ጋሼ» ይሉት ከነበረ ዛሬም «ጋሼ» ይበሉት፤ እትዬም እትዬ ናት። ሥልጣን ለማሳየት «አንተ» ብሎ የጀመረ ወጣት ፎርማን የአንዱን ሽማግሌ ብቻ ሳይሆን የወርክሾፑን ሁሉ ፊት ያጣል። አክብሮቱ ግን ትእዛዙን አያለዝበው። «ጋሼ፣ እነዚህን አራት ማጠፊያዎች እስከ 6 ሰዓት ይጨርሱልኝ» ሲባል ሰዓትም ቁጥርም አለው፣ ክብርም አለው። እርማት ካስፈለገ ብቻቸውን ሲሆኑ ነው። እኩያ ጓደኛን በድንገት «እርስዎ» ማለት ደግሞ መሳቂያ ያደርጋል፤ እንደነበረው ይቀጥል።

ገንዘብ ሌላው ወጥመድ ነው። የሚመሩት ቡድን ዕቁብ ካለው ዳኛም ጸሐፊም አይሁኑ። ቀድመው የገቡበት ከሆነ ዙሩን ይጨርሱ፤ ዕጣ ግን ከማንም ጋር አይለዋወጡ። ለሠራተኛዎ አያበድሩ፣ ከእሱም አይበደሩ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ብር የተበዳደሩትን ሰው ፈቃድ ሲከለክሉት «በብሩ ምክንያት ነው» ይላል፣ ሲፈቅዱለት ደግሞ ሌሎቹ «በብሩ ምክንያት ነው» ይላሉ። ለሠርግና ለለቅሶ መዋጮ ዝርዝሩን ሌላ ሰው ይያዝ፣ እርስዎ እንደማንኛውም ሰው እኩል ያዋጡ።

ምሳ አብረው መብላትዎን አያቋርጡ። ስለ ባለቤቱ ሐሜት ሲነሳ መነሳት አያስፈልግም፣ መጨመር ግን ክልክል ነው። በምሳ ላይ የሰሙት ወደ ቢሮ ከገባ ከዚያ በኋላ ብቻዎን ይበላሉ።

የጠዋቱ 10 ደቂቃ፣ የማታው 10 ደቂቃ

በየቀኑ ሥራ በሚጀመርበት ደቂቃ፣ በሰሌዳ ፊት፣ ቆመው ይሰብሰቡ። ወንበር ካለ 10 ደቂቃው 40 ይሆናል። ቅደም ተከተሉ አይለዋወጥ፤ ትናንት ምን ያህል ታቀደ፣ ምን ያህል ወጣ፤ ዛሬ ምን ይወጣል፤ ማን በየትኛው ማሽን ይሠራል፤ ዛሬ አደጋ ሊያደርስ የሚችለው ምንድን ነው። ሁለት ቁጥር በጠመኔ ይጻፋል፣ «ዕቅድ 12፣ የወጣ 9»። የጎደለው ሦስቱ ለምን እንደጎደለ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነገራል። ውይይት የሚያስፈልገው ነገር ከተነሳ የሚመለከታቸው ሁለት ሰዎች ብቻ በኋላ ይቆያሉ፣ ሌላው ወደ ሥራው ይሄዳል።

ስብሰባው የሚበላሸው በሦስት መንገድ ነው። አንደኛ፣ የዘገየን ሰው በመጠበቅ፤ በሰዓቱ የመጣው ይቀጣል፣ በማግስቱ እሱም ይዘገያል። በሁለት ሰው እንኳን ይጀምሩ። ሁለተኛ፣ ሰውን በስሙ እየጠሩ በመገሠጽ፤ ከዚያ ወዲህ ማንም ስህተቱን አይናገርም። ሦስተኛ፣ አለቃው ብቻውን በመናገር። በሳምንት አንድ ቀን፣ ለምሳሌ ሐሙስ፣ ሌላ ሰው ይምራው፤ እርስዎ ከኋላ ቆመው ይስሙ።

በከተማው ዳርቻ ባሉ ወርክሾፖች ብዙው ሠራተኛ አፍ የፈታው በአፋን ኦሮሞ ወይም በሌላ ቋንቋ ነው። «ገባችሁ?» ተብሎ ሲጠየቅ ያልገባውም «አዎ» ይላል፤ በሰው ፊት «አልገባኝም» ማለት ያሳፍራል። ጥያቄውን ይቀይሩት። «ከየት ትጀምራለህ?» ወይም «የመጀመሪያው ቁራጭ ስንት ነው?» ሲባል መግባቱም አለመግባቱም ወዲያው ይታያል። አስፈላጊ የሥራ ቃላትን በሠራተኞችዎ ቋንቋ መማር የእርስዎ ድርሻ ነው፤ በወር ሠላሳ ቃል ብዙ አይደለም።

የማታው 10 ደቂቃ ለርክክብ ነው። መሣሪያ ይቆጠራል፣ ያልተጠናቀቀው ሥራ ላይ የደረሰበት በጠመኔ ይጻፍበታል («ብየዳ ቀርቷል»፣ «አልተለካም»)፣ የማሽን ብልሽት ይመዘገባል። ሁለት ፈረቃ ካለ ተረካቢው ፎርማን በአካል ይምጣ። በስልክ የተደረገ ርክክብ ጥፋት ሲገኝ ሁለት አፍ ይሆናል።

ሥራ ሲሰጡ

አንድ ትእዛዝ አምስት ነገር ይይዛል፤ ምን፣ ስንት፣ በየትኛው ናሙና ልክ፣ እስከ ስንት ሰዓት፣ ጥያቄ ሲኖር ማንን። «እነዚያን መስኮቶች ቶሎ ቶሎ በላቸው» አንዱንም አይዝም። እንዲህ ይሁን፤ «12 የመስኮት ፍሬም፣ ወርዱ 1 ሜትር ከ20፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ50፣ በዚህ ናሙና ልክ፣ ነገ 6 ሰዓት ላይ ለቀለም ይደርሳል፣ ጥያቄ ካለህ ልኬት የሚያየውን ባልደረባህን ጠይቅ።»

ከዚያ የመጀመሪያውን ፍሬም ብቻ አስጨርሰው ይለኩ። ሁለቱን ሰያፎች ከማዕዘን ማዕዘን መለካት ስኳድራ ከመደቀን ይበልጣል። በዚህ ልክ እያንዳንዱ ሰያፍ 1 ሜትር ከ92 ሳንቲም ገደማ መሆን አለበት፤ ሁለቱ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ከተለያዩ ፍሬሙ ጠምሟል፣ መስታወት ሲገባ ያስቸግራል። አንድ ፍሬም ማስተካከል የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። 12ቱ ካለቁ በኋላ ከተገኘ ግን ቱቦላሬውም (ውስጠ ክፍቱ ብረት) ኤሌክትሮዱም ቀኑም ባክኗል። ይህን የመጀመሪያ ቁራጭ ፍተሻ በሥራ ብዛት ምክንያት የሚዘል ፎርማን በሳምንቱ ውስጥ ይከፍለዋል።

ሰዓትና ቀን ላይ ይጠንቀቁ። የውጭ አገር ሥራ አስኪያጅ ወይም የውጭ ደንበኛ ባለበት ቤት «በ3 ሰዓት» የሚለው ለአንዱ የጠዋት፣ ለሌላው የከሰዓት ነው። ጽሑፍ ላይ «ጠዋት 3 ሰዓት (በውጭ 9 ሰዓት)» ብለው ሁለቱንም ይጻፉ። ማስረከቢያ ቀንም በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ።

ሠራተኛው በጾም ላይ ከሆነ የቀኑ ቅርጽ ይለወጣል። በሁዳዴ 55 ቀናትና በረመዳን ከባድ ማንሳትና ረጅም ብየዳ ወደ ጠዋት፣ ልኬት፣ ማሸግና ማጽዳት ወደ ከሰዓት ይዙር። የአርብ ስግደት የሚሄዱ ሠራተኞች ካሉ ሰዓቱ ከመጀመሪያው በዕቅዱ ይግባ፤ በየሳምንቱ እንደ አዲስ ፈቃድ እንዲለምኑ አይደረግም።

መዘግየት፣ መቅረት፣ ለቅሶ

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከቱሉ ዲምቱ የሚመጣ ሰው ታክሲ አጥቶ ቢዘገይ፣ አምሽቶ ከሚተኛ ሰው ጋር በአንድ ሚዛን አይቀመጥም። ግን ሁለቱም ይመዝገቡ፤ ቀን፣ የደረሰበት ሰዓት፣ ያለው ምክንያት። ማዘን የሚገባው ውሳኔ ላይ ነው፤ መዝገቡ ለሁሉም እኩል ይሁን። ሦስት ጊዜ ከተደጋገመ ብቻውን ያነጋግሩት። «በዚህ ወር ሦስት ቀን ከ20 ደቂቃ በላይ ዘግይተሃል። ምን ልናደርግ?» ብለው ዝም ይበሉ። መንገዱ ከሆነ መግቢያውን በግማሽ ሰዓት አዘግይቶ መውጫውን ማዘግየት ይቻል እንደሆነ ከላይ ያስፈቅዱ።

ሕጉን ማወቅ ግድ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በ6 ወር ውስጥ 8 ጊዜ ያለ በቂ ምክንያት የዘገየ ወይም በ6 ወር ውስጥ በድምሩ 5 ቀን የቀረ ሠራተኛ፣ የማስጠንቀቂያ ጊዜ ሳይሰጠው ውሉ ሊቋረጥ ይችላል። ክብደቱ «በጽሑፍ» ላይ ነው። «ስንቴ ነገርኩት» ክርክር ላይ አይቆምም። ደብዳቤው ቀኑን፣ ደቂቃውን፣ ሠራተኛው የሰጠውን ምክንያትና የሚጠበቅበትን ይይዛል። አልፈርምም ካለ ሁለት ምስክር ባሉበት ተነግሮት ይፈርሙበታል። በንዴት ቀን የተጻፈ ደብዳቤ ግን በማግስቱ ጠዋት አንብበው ነው የሚሰጡት።

ለቅሶ በሌላ አገር የሥራ አመራር መጽሐፍ የማይገኝ፣ እዚህ ግን በየሳምንቱ የሚመጣ ጉዳይ ነው። አዋጁ ለትዳር ጓደኛ፣ ለወላጅ፣ ለልጅ፣ እስከ ሁለተኛ ደረጃ ላለ የሥጋም የጋብቻም ዘመድ ሞት 3 የሥራ ቀን ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። ለሠራተኛው ራሱ ጋብቻም እንዲሁ 3 የሥራ ቀን አለ። ለጎረቤት ቀብር ግን ሕጉ ላይ ምንም የለም፤ እድሩ ግን ቀብር የቀረውን ይቀጣዋል፣ ሰፈሩም ይታዘበዋል፣ ስለዚህ ሰው መሄዱ አይቀርም። ቢከለክሉት «አሞኝ ነበር» ብሎ ይቀራል፤ ያን ጊዜ እውነቱንም ሰውየውንም ያጡታል። የሚሻለው አስቀድሞ የታወቀ ደንብ ነው፤ ለእድር ቀብር ግማሽ ቀን፣ ከቀኑ በፊት ማታ ወይም እስከ ጠዋት 1 ሰዓት በስልክ ተነግሮ፣ በሌላ ቀን በሚሠራ ሰዓት ተተክቶ። ከላይ አስጸድቀው ሰሌዳው አጠገብ ይለጥፉት።

መብራት ሲጠፋ

መብራት በሚጠፋበት ቀን የፎርማን ችሎታ ይታያል። ያልተዘጋጀ ቡድን በር ላይ ቆሞ መንገድ ያያል፤ መብራቱ ከመጣ በኋላም እስኪሰበሰብ ሌላ ሩብ ሰዓት ይሄዳል።

የመጀመሪያው እርምጃ ማጥፋት ነው። የብየዳ ማሽኑ፣ ግራይንደሩ፣ መቁረጫው ሁሉ በየማብሪያው ይጥፋ፤ መብራት ሲመለስ ማንም ያልያዘው ማሽን በራሱ ተነስቶ እጅ ይቆርጣል፣ የሚመጣው ኃይልም ከፍና ዝቅ እያለ ሞተር ያቃጥላል። ኃይሉ መመለሱን የሚያሳይ አንድ አምፖል ብቻ በርቶ ይቆይ። ከተመለሰ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁና ማሽኖቹን አንድ በአንድ ያስነሱ።

ሁለተኛው እርምጃ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ዝርዝር ነው። ለግማሽ ሰዓት የሚሆን ሥራ፤ ቁርጥራጭ በርዝመት መለየት፣ የነገውን ቱቦላሬ በጠመኔ ማመልከት፣ በእጅ ሞረድ ጫፍ ማለስለስ፣ ሜትሮችን እርስ በርስ ማመሳከር። ከአንድ ሰዓት በላይ ለሚሆነው ደግሞ ትምህርት፤ ሥዕል ማንበብ የሚችለው ለማይችለው ያሳያል። ብዙ ድርጅቶች በ2004 ዓ.ም. ከተቋቋመው ከኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት የለመዷቸው አምስቱ «ማ»ዎች የሚባሉት የሥራ ቦታ አያያዝ ደረጃዎች (ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ) ጊዜ የሚያገኙትም በዚህ ሰዓት ነው። አብዛኛው ቤት ሦስቱን ሠርቶ ለእንግዳ ፎቶ ያነሳና ያቆማል። ማላመድ ማለት እያንዳንዱ መሣሪያ ቦታው ላይ ቅርጹ በቀለም ተስሎ፣ ባዶው ቦታ ከሩቅ ሲታይ ማለት ነው። ማዝለቅ ደግሞ ያን በየማታው ማየት።

ጄነሬተር ካለ አስቀድመው ከላይ ይጠይቁ፤ ስንት ደቂቃ ሲጠፋ ይነሳል፣ የትኞቹ ማሽኖች ብቻ ይያያዛሉ? ነዳጅ እየተቃጠለ ይህን መወያየት ያስቆጫል።

ስህተት ሲመጣ

ፍሬሞቹ 1 ሳንቲም አጠሩ እንበል። ያጠፋውን ፈልጎ መጮህ አንድ ደቂቃ ይፈጃል፣ ስህተቱ ግን በወሩ ይመለሳል። የቶዮታው ታኢቺ ኦኖ ያስተማረው «ለምን?» ብሎ አምስት ጊዜ መጠየቅ ለትንሽ ወርክሾፕም ይሠራል። ለምን አጠረ? የተለካው በአጭሩ ስለሆነ። ለምን በአጭሩ ተለካ? ሜትሩ ጫፉ ላይ ያለው መንጠቆ ስለተጣመመ። ለምን የተጣመመ ሜትር ሥራ ላይ ዋለ? ሌላ ስለሌለ። ለምን የለም? አምስት ሰው በሁለት ሜትር ስለሚሠራ። ለምን ማንም አልጠየቀም? የዕቃ መጠየቂያ ቅጹን የሚሞላው ፎርማኑ ብቻ ስለሆነ። እዚህ ላይ ሥራው የእርስዎ ሆነ። ሰንሰለቱ «ሰውየው ግድየለሽ ስለሆነ» ላይ ካለቀ ገና አልጨረሱም፤ አንድ ጊዜ ይጨምሩ።

ጥያቄው በመርማሪ ድምፅ ከተጠየቀ ሰው ይከላከላል። ዕቃውን መሐል ላይ አስቀምጠው፣ ሁላችሁም ወደ ዕቃው እያያችሁ ይሁን።

ወደ ላይ መናገርና ትርፍ ሰዓት

ለበላይ አለቃ ችግር ሲነግሩ ቁጥር፣ ምክንያት፣ ሁለት አማራጭ ይዘው ይግቡ። «ሐሙስ ከሚወጡት 40 ፍሬሞች 31 ይደርሳሉ። ግምጃ ቤት ኤሌክትሮድ ለአንድ ቀን ተኩል አልነበረም። ወይ 31ን ሐሙስ ሰጥተን ቀሪውን ቅዳሜ፣ ወይ ለሁለት ቀን ትርፍ ሰዓት።» ይህን ሰኞ ከተናገሩ ዕቅድ ነው፤ ሐሙስ ጠዋት ከተናገሩ ምክንያት መደርደር ነው።

ትርፍ ሰዓት በሕጉ ለተወሰኑ ምክንያቶች፣ እንደ አስቸኳይ ሥራ ላለ፣ የተፈቀደ ሲሆን በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም። ክፍያው የሰዓት ደመወዙ 40 ብር ለሆነ ሠራተኛ እንዲህ ይሰላል፤ ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት በ1.5 ተባዝቶ 60 ብር፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በ1.75 ተባዝቶ 70 ብር፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን በእጥፍ 80 ብር፣ በሕዝብ በዓል በ2.5 ተባዝቶ 100 ብር። የሠሩበትን ሰዓት በዕለቱ አስፈርመው ይያዙ፤ በወር መጨረሻ በትዝታ የሚሞላ ቅጽ ጠብ ያመጣል። ደግሞ ከ8 ሰዓት ብየዳ በኋላ ያለው አራተኛ ትርፍ ሰዓት ዓይን የደከመበት ነው፤ በእሱ የሚሠራው ማጽዳትና ማዘጋጀት ይሁን።

የራስዎ ቀን

ፎርማን ቀኑን ሙሉ ይጠራል፣ ማታ ሲያስበው የሠራው የለም። ሦስት ልማድ ይህን ይቀንሳል። ማታ ከመውጣትዎ በፊት የነገን ሦስት ዋና ሥራዎች ይጻፉ፤ አሥር ከጻፉ ዝርዝሩ ምኞት ነው። ከ3 ሰዓት ተኩል አካባቢ ሥራው ከተንቀሳቀሰ በኋላ 40 ደቂቃ ስልክ አጥፍተው የመጀመሪያውን ይሥሩ፤ በዚያ ሰዓት የሚጠየቁትን የሚመልስ ምክትል ይሰይሙ። የቡድኑ ቴሌግራም ደግሞ ለሥራ ብቻ ይሁን፤ ከማታ 1 ሰዓት በኋላ አደጋ ካልሆነ በቀር አይጻፍበት፣ በግል የሚባል ወቀሳም አይገባበት።

ለራስዎ በሦስት ወር አንድ ነገር ይማሩ፤ አንድ ብቻ። ሥዕል በጥልቀት ማንበብ ሊሆን ይችላል፣ የዋጋ ስሌት በኤክሴል፣ ወይም በሙያዎ ቀጣዩን ደረጃ የሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ምዘና መፈተን። ከመጀመሪያው ከቻሉት የእጅ ሥራም በሳምንት ሁለት ሰዓት አይራቁ፤ እጅዎ ከዛገ ግምትዎም ይዝጋል፣ ለአንድ በር የሚበቃውን ሰዓት በትክክል መናገር ያቅትዎታል።

ሦስተኛው ወር ሲያልቅ ምክትልዎን ይፈትኑ። በአዋጁ አንድ ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ ቢያንስ 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ አለው፤ ከዚያ ላይ ሦስት ቀን ይውሰዱ። የደብተሩን፣ የቁልፉንና የዕቃ መጠየቂያ ቅጹን ርክክብ በጽሑፍ ያድርጉ፣ ስልክዎን ለአደጋ ብቻ ክፍት ይተዉ። ሲመለሱ ምክትሉን የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ «እኔ ባለመኖሬ ያልተወሰነው ምንድን ነው?» መልሱን ይጻፉ። በዚያ ወረቀት ላይ ያሉት ነገሮች በቀጣዮቹ ሦስት ወራት ለእሱ የሚያስተምሩት ሥርዓተ ትምህርት ናቸው፤ ከላይኛው መስመር በሚቀጥለው ሰኞ ይጀምሩ።